የቡናው ሰነድ ወደ ክሊኒኩ ሲሻገር፦ ስለ ሶፍትዌር መስፈርት አብነቶች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከጅማ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች አብረን አቅርበናል፤ ሦስቱም የሚነሡት ከአንድ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ከተማ ሄርማታ አካባቢ አነስተኛ የሶፍትዌር ሥራ አለን። ደንበኞቻችን የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ መድኃኒት ቤቶችና የግል ክሊኒኮች ናቸው። አዲስ ሥራ በያዝን ቁጥር የመስፈርት ሰነድ፣ ማለትም ሥርዓቱ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚዘረዝር ጽሑፍ፣ ከባዶ መጻፍ ጊዜ ስለሚፈጅ፣ ያለፈውን ደንበኛ ሰነድ ገልብጠን ስሙን እየቀየርን እንጠቀማለን። በቅርቡ ለአንድ ክሊኒክ ያስረከብነው ሥርዓት ግን የስኳር ሕመምተኞችን የክትትል ካርድ እየቆለፈ ነርሶቹ የዕለቱን ልኬት መመዝገብ አቃታቸው። ነገሩን ስናጣራ፣ «የግዥ ወቅት ሲያበቃ መዝገቡ ይቆለፋል» የሚለው የቡና ግዥ መስፈርት፣ «ግዥ» የሚለው ቃል በ«ሕክምና» ብቻ ተተክቶ ሰነዱ ውስጥ ቀርቶ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ግማሾቻችን መገልበጡ ፈጽሞ ይቅር ይላሉ፤ ሌሎቻችን ደግሞ ሁልጊዜ ከባዶ መጀመር አያዋጣንም እንላለን። የመስፈርት አብነት ወይም ፓተርን የሚባለው ነገር ከመገልበጥ በምን ይለያል? ከየትስ እንጀምር?

መልስ፦ ሁለቱም ወገኖቻችሁ የያዙት እውነት አለ፤ ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ መገልበጥ ላይ ብትጥሉት መፍትሔው ይሰወርባችኋል። ለተለያዩ ድርጅቶች የሚሠሩ ሥርዓቶች በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ፦ ሰው ይመዘገባል፣ ገንዘብ ይከፈላል፣ ሪፖርት ይወጣል፣ የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ይህን በየጊዜው እንደ አዲስ ማሰብ ከድካሙ ሌላ አደጋም አለው፤ ባለፈው ሥራ በመከራ የተማራችሁትን ነገር በአዲሱ ሰነድ ላይ ልትዘነጉት ትችላላችሁ። እናንተን የጎዳችሁ ዓረፍተ ነገሩ ሲሻገር ምክንያቱ አብሮት አለመሻገሩ ነው። በቡና ግዥ ላይ መዝገቡ የሚቆለፈው፣ የወቅቱ ሒሳብ ተዘግቶ ለአባላት የትርፍ ክፍፍል ከተሰላ በኋላ የአንድ ገበሬ ኪሎ ወይም ዋጋ ቢለወጥ የሁሉም ድርሻ ስለሚዛባ ነው። ይህ ምክንያት ከመስፈርቱ ጎን ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ የክሊኒኩን ሰነድ ያዘጋጀው ባልደረባችሁ «የስኳር ሕመምተኛ ሕክምና የሚያበቃው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም ነበር።

በሙያው ውስጥ በሰፊው የሚጠቀሰው የዚህ ዓይነት ጥፋት የአሪያን 5 ሮኬት አደጋ ነው። ሮኬቱ እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 ተተኩሶ 40 ሰከንድ ገደማ ሲሆነው ከመስመሩ ወጥቶ ፈነዳ። የሮኬቱን አቅጣጫና እንቅስቃሴ የሚለካው መሣሪያ ሶፍትዌር ከቀድሞው አሪያን 4 የተወሰደ ነበር። በውስጡም ሮኬቱ ከመነሣቱ በፊት መሣሪያውን የሚያስተካክል አንድ ክፍል ይገኝ ነበር፤ የመነሻው ቆጠራ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ቢቋረጥ ዝግጅቱን ከመጀመሪያው ሳይደግሙ ቶሎ ለመቀጠል እንዲቻል ሲባል፣ ይህ ክፍል ከተነሣ በኋላም ለ40 ሰከንድ ያህል እንዲሠራ ቀድሞ ተወስኗል። የአሪያን 5 የመነሻ ዝግጅት የተለየ ስለሆነ ይህ መስፈርት አላስፈለገውም፤ ክፍሉ ግን እንዳለ ቀረ። አዲሱ ሮኬት በአግድም የሚያገኘው ፍጥነት ከቀድሞው እጅግ የላቀ ስለነበር፣ ይህን ፍጥነት የሚገልጸው ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ አነስተኛው ባለ 16 ቢት ሲለወጥ መያዝ ከሚቻለው ከ32,767 በለጠና መሣሪያው ሥራውን አቆመ። መጠባበቂያው መሣሪያም የሚሠራው በዚያው ሶፍትዌር ስለነበር በዚያው ምክንያት ቆመ። ኮዱ ለተጻፈለት ሮኬት ልክ ነበር፤ የቀረው ነገር «ይህ መስፈርት ለምን ተጻፈ? ምክንያቱስ በአዲሱ ሮኬት ላይ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው። በክሊኒኩ ካርድ ላይ የደረሰውም መጠኑ ይነስ እንጂ ከዚህ የተለየ አይደለም።

እንግዲህ አብነት ማለት ዓረፍተ ነገሩን ከምክንያቱና ከጥያቄዎቹ ጋር አንድ ላይ አድርጎ የሚያስቀምጥ ጽሑፍ ነው። ስቲቨን ዊትሆል በ2007 እ.ኤ.አ. ለኅትመት ባበቃው ሥራ 37 የመስፈርት አብነቶችን በስምንት ዘርፎች ከፍሎ አቅርቧል፤ በእያንዳንዱም ውስጥ አብነቱ መቼ እንደሚያገለግልና መቼ እንደማያገለግል፣ ምን ምን መረጃ እንደሚሻ፣ የሚሞላው ዓረፍተ ነገር ምን እንደሚመስል፣ ምሳሌው፣ ይህን መስፈርት ተከትለው የሚመጡ ሌሎች መስፈርቶች፣ እንዲሁም ለገንቢውና ለፈታሹ የሚሆን ማሳሰቢያ ተካቷል። በባርሴሎና የካታሎኒያ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲና በሉክሰምበርግ ያሉ ተመራማሪዎች በጋራ ያዳበሩት ፓብሬ የተባለው አሠራር ደግሞ እያንዳንዱን አብነት ከግቡ ያስጀምረዋል፤ ከዚያም ሁልጊዜ የሚጻፈውን ቋሚ ክፍል፣ እንደ ደንበኛው ሁኔታ ከሚጨመረው ተቀጥላ ይለያል። እኔ ለእናንተ ዓይነት አነስተኛ ቡድን ከሁለቱ የምመርጠው ከግብ መነሣቱን ነው፤ ግቡ ካልተጻፈ የቀረው ሁሉ ተመልሶ ግልባጭ ይሆናል።

ያንኑ ያስቸገራችሁን መስፈርት በአብነት መልክ ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል።

ስሙ «መዝገብ መቆለፍ» ነው። ግቡ፣ ሒሳብ ከተሠራበት በኋላ ቁጥር ተለውጦ የሰዎች ክፍያ እንዳይዛባ መከላከል ነው። የሚያገለግለው ተዘግቶ ሒሳቡ ለሚወራረድ ነገር ነው፤ ለምሳሌ ለግዥ ወቅት፣ ለወር ደመወዝ፣ ለዕለት ሽያጭ። ሳይቋጭ ለሚቀጥል ጉዳይ፣ ለምሳሌ ለሕመምተኛ ካርድ፣ አያገለግልም። ዓረፍተ ነገሩ «… ሲፈጸም ሥርዓቱ የ… መዝገብን ከለውጥ መቆለፍ አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ እርማት በ… ፈቃድ ብቻ፣ የቀድሞው ቁጥርና የእርማቱ ምክንያት ተጠብቀው መመዝገብ አለበት» የሚል ነው። ባዶዎቹን ከመሙላታችሁ በፊት ደንበኛውን ትጠይቃላችሁ፦ መዝገቡን የሚዘጋው ማን ነው? ከተዘጋ በኋላ ዘግይቶ የመጣ ደረሰኝ ቢኖር እስካሁን ምን ታደርጋላችሁ? ስሕተት ሲገኝ የማን ፊርማ ይጠየቃል? ለፈታሹም፣ በተቆለፈ መዝገብ ላይ ቁጥር ለመቀየር ሞክሮ ሥርዓቱ መከልከሉን፣ በተፈቀደለት ሰው ሲታረም ደግሞ የድሮው ቁጥር አለመጥፋቱን እንዲያይ ይጻፍለታል።

«ይህማ ከመገልበጥ ይልቅ ያደክማል» የሚል ባልደረባ አይጠፋም። አዎን፣ የመጀመሪያው ጊዜ ያደክማል። ሁለተኛው ደንበኛ ጋ ስትደርሱ ግን በእጃችሁ ያለው የውይይት ጥያቄ ነው፤ ደንበኛውም የተዘጋጀ ጥያቄ ሲቀርብለት ራሱ ያላሰበውን ነገር ያወጣል።

የት እንጀምር ለሚለው፣ የውጭ አገር የአብነቶች ካታሎግ ሙሉውን ለመተርጎም አትነሡ። ያስረከባችኋቸውን ሰነዶች ጎን ለጎን ዘርግታችሁ በሁሉም ላይ የሚደጋገሙትን፣ በተለይም ካስረከባችሁ በኋላ ደንበኛ ስልክ የደወለባቸውን ለዩ። የይለፍ ቃል፣ የመጠባበቂያ ቅጂና የሪፖርት አብነት ከሌላው ዓለም ብዙም ስለማይለይ የተዘጋጀውን ወስዶ ማስተካከል ይበቃል። ልፋታችሁን በአገራችን ሁኔታ ላይ አድርጉት፤ ይህን ከውጭ ካታሎግ አታገኙትምና።

አንዱ ሰውን በስም መፈለግ ነው። ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ሠራተኛ «ፀሐይ» ብላ የመዘገበቻትን ሴት፣ ተረኛው በሌላ ቀን «ጸሀይ» ብሎ ሲፈልጋት «አልተገኘችም» ይለዋል፤ አዲስ ካርድ ያወጣላታል፤ የመድኃኒት አለርጂዋ የተጻፈው ግን በአሮጌው ካርድ ላይ ነው። ስለዚህ አብነቱ ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ከነዝርያዎቻቸው በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲታዩ፣ በመዝገቡ ላይ ግን ባለቤቱ እንደጻፈው እንዲቀመጡ ማዘዝ አለበት። በጅማ ደግሞ ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ያው ሰው በአንዱ ቢሮ በፊደል፣ በሌላው በቁቤ የተመዘገበበት አጋጣሚ ብዙ ስለሆነ፣ ፍለጋው ከአንዱ አጻጻፍ ወደ ሌላው መሻገር ይኖርበት እንደሆነ መጠየቅ ያሻል። በተቃራኒው መላላቱም ልክ አለው፦ «ሙሐመድ»ን የሚፈልግ ሥርዓት «መሐመድ»ንም ቢያሳይ መልካም ነው፤ «ማሕሙድ»ን ግን ያው ነው ብሎ ካርዶቹን በራሱ ቢያዋሕድ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። የአብነቱ የማያገለግልበት ክፍል ይህን በግልጽ ይናገር፦ ሥርዓቱ ተመሳሳዮችን ያሳያል፣ የአባትና የአያት ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ አይቶ የሚወስነው ሰው ነው። የስም ቦታዎችንም «ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» ብላችሁ ለዩ፤ የቤተሰብ ስም የሚጠይቅ ቅጽ ለእኛ አገር ሰው ባዕድ ነው።

ሌላው ቀን ነው። ወር ሁሉ 30 ቀን፣ ጳጉሜን ደግሞ አምስት ወይም ስድስት ቀን ናት፤ ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው፣ ለምሳሌ በ2015 ዓ.ም.። ስለዚህ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተወለደ ሕፃን ዕድሜ በትክክል መቆጠሩን ማየት ለፈታሹ የሚጻፍ የመጀመሪያው ፈተና ይሁን። «በየወሩ የሚከፈል» የሚል መስፈርት ሲመጣ ጳጉሜን ለብቻዋ ትቆጠራለች ወይስ ከነሐሴ ጋር ትደመራለች ብላችሁ ጠይቁ። የሌሊት ተረኛ ባለበት ክሊኒክም፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወለደ ሕፃን እናቱ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ» የምትለውን ሥርዓቱ የማክሰኞ ወይስ የረቡዕ አድርጎ ይመዝግበው የሚለው ሳይወሰን አይታለፍ፤ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ተቀይሯል፣ በእናቱ አነጋገር ግን ገና አልነጋም።

ስለ አያያዙም አንድ ነገር ልጨምር። እያንዳንዱ አብነት ኃላፊ ይኑረው፣ በየትኞቹ ሰነዶች ላይ እንደዋለም ይመዝገብ፤ ስሕተት ሲገኝበት ቀድሞ የወሰዱትን ደንበኞች ማስታወቅ የሚቻለው እንዲያ ከሆነ ብቻ ነው። ከሕግ የሚመነጩትን፣ ለምሳሌ ከግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚወጡትን፣ ከአዋጁ ቁጥር ጋር አያይዛችሁ ጻፉ። ከደንበኛ ሰነድ ወደ አብነት ስታወጡ ደግሞ የደንበኛውን ስም፣ ዋጋና የውስጥ አሠራር አጥቡ። የአንዱን ማኅበር ሚስጥር በሌላው ማኅበር ሰነድ ውስጥ ረስቶ መተው ካርድ ከመቆለፍ ያነሰ በደል አይደለም።

ጥያቄ፦ በጅማ ዙሪያ በሚገኝ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሶፍትዌር ባለሙያዎች ወፍራም የመስፈርት ሰነድ አምጥተው «አንብበው ይፈርሙ» ይሉናል። «ሥርዓቱ ፈጣንና ለአጠቃቀም ቀላል ይሆናል» የመሰለ ነገር በየገጹ አለ። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ ሰነዱ ለእኛ ታስቦ የተጻፈ ይሁን ከሌላ የተገለበጠ እንዴት ልለይ?

መልስ፦ እርስዎ ለዚህ ሥራ ከማንም የተሻሉ አንባቢ ነዎት፤ ሚዛኑ ላይ የሚሆነውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎትና። በእያንዳንዱ መስፈርት ላይ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ መቼ፣ ማን፣ ምን ያህል። «ፈጣን ይሆናል» የሚለው ሦስቱም የሉትም፤ «መዛኙ ክብደቱን ካጸደቀበት ቅጽበት አንሥቶ ከ100 ደረሰኝ 95ቱ በ3 ሰከንድ ውስጥ መታተም አለባቸው» ቢባል ግን እርስዎ ራስዎ ሰዓት ይዘው ሊፈትሹት ይችላሉ። «ግዥው ይመዘገባል» የሚል ሲያገኙም ማን እንደሚመዘግበው፣ መዛኙ ይሁን ሥርዓቱ በራሱ፣ ሳይጻፍ አይቀበሉ።

ለዚህ የሚረዳ ኢርስ የሚባል የአጻጻፍ ዘዴ አለ። አሊስተር ማቪንና በሮልስ ሮይስ ያሉ ባልደረቦቹ የጄት ሞተር መቆጣጠሪያ መስፈርቶችን ሲያጠሩ ያዳበሩት ሲሆን፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርገውታል። መስፈርቶችን በጥቂት የዓረፍተ ነገር ቅርጾች ብቻ እንድንጽፍ ያደርጋል፦ ሁልጊዜ የሚጸና፣ አንድ ነገር ሲከሰት የሚፈጸም፣ አንድ ሁኔታ እስካለ ድረስ የሚቆይ፣ አንድ ተጨማሪ አገልግሎት ሲኖር ብቻ የሚሠራ፣ ያልተፈለገ ነገር ሲመጣ የሚወሰድ እርምጃ። በእናንተ ሥራ ላይ ሲሆን፣ «ገበሬው ቡናውን ባስመዘነ ጊዜ ሥርዓቱ ኪሎውን፣ የኪሎ ዋጋውንና የመዛኙን ስም የያዘ ደረሰኝ ማተም አለበት»፤ «ኔትወርክ እስካልተመለሰ ድረስ ሥርዓቱ ግዥዎችን በኮምፒውተሩ ላይ መያዝ አለበት»፤ «መብራት በመመዘን ላይ ሳለ ቢቋረጥ፣ ሥርዓቱ ሲነሣ ያልተጠናቀቀውን ግዥ ለመዛኙ ማሳየትና እንዲያጸድቀው ወይም እንዲሰርዘው መጠየቅ አለበት» ይባላል። የመጨረሻው ዓይነት በሰነዱ ውስጥ ፈጽሞ ከሌለ፣ ጸሐፊዎቹ የእናንተን ግቢ አይተው አልጻፉትም ብዬ እጠረጥራለሁ።

መለኪያውንም ይመልከቱ። ሰነዱ «ቡና» እያለ ብቻ ካለፈ፣ እሸቱና (ቀይ የተለቀመው) ጀንፈሉ (ከነገለባው የደረቀው) ዋጋቸው እንደሚለያይ አልጠየቁም ማለት ነው። ገበሬው በፈረሱላ ሲነጋገር ሥርዓቱ በኪሎ የሚመዘግብ ከሆነ፣ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑ፣ ግራሞቹ እንዴት እንደሚጠጋጉና ክፍያው የሚሰላው ከመጠጋጋቱ በፊት ይሁን በኋላ መጻፍ አለበት። በመጨረሻም ከሰነዱ ደስ ባለዎት ቦታ ጥቂት መስፈርቶችን መርጠው «ይህ ለምን ገባ?» ብለው ይጠይቁ። በእናንተ ማኅበር ስም ምክንያቱን መናገር ካልቻሉ፣ ፊርማዎን ያቆዩት።

ጥያቄ፦ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሶፍትዌር ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። ዲዛይን ፓተርን ተምረናል። የመስፈርት አብነት ከዚያ ይለያል ወይስ ያው ነው? ለመመረቂያ ጽሑፍስ ይሆናል?

መልስ፦ ምንጫቸው አንድ ነው። ሐሳቡን ያስፋፋው የሕንፃ ንድፍ ባለሙያው ክሪስቶፈር አሌክሳንደር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ከባልደረቦቹ ጋር ከከተማ አቀማመጥ እስከ ክፍል መስኮት የሚደርሱ 253 አብነቶችን አውጥቷል፤ የተማርካቸው 23ቱ የዲዛይን አብነቶች በ1994 የወጡት ያንኑ መንገድ ተከትለው ነው። ልዩነቱ በሥራው ቅደም ተከተል ላይ ነው። የዲዛይን አብነት ገንቢው ኮዱን እንዴት እንደሚያዋቅር ይነግረዋል፤ የመስፈርት አብነት ግን ከዚያ አስቀድሞ ከደንበኛው ጋር ምን መነጋገር እንደሚገባ ያሳያል። ከላይ ያየነው «መዝገብ መቆለፍ» ቁልፉ በዳታቤዝ ይሁን በሌላ ዘዴ ምንም አይልም፤ እንዲልም አይገባም።

ለመመረቂያ ጽሑፍ በሚገባ ይሆናል። ጠባብ ርዕስ ያዝ፤ ለምሳሌ የግል ክሊኒኮች ካርድ ክፍል ብቻ። ፈቃድ ጠይቀህ፣ የሕመምተኛ ስም የሌለባቸውን ሰነዶች ሰብስበህ፣ ጥቂት አብነቶችን አውጣ፤ ከዚያ ለአንድ የተማሪዎች ቡድን አብነቶቹን፣ ለሌላው ደግሞ የተጠናቀቀ አሮጌ ሰነድ ሰጥተህ፣ አንድ ዓይነት ደንበኛ እንዲያነጋግሩ አድርግ። የምትለካው ማን ቶሎ ጨረሰ የሚለውን ብቻ አይሁን፤ ለደንበኛው የማይሆን መስፈርት የትኛው ቡድን አስገባ፣ የሚያስፈልገውንስ የትኛው ሳተ የሚለውን ቁጠር። የአብነቶቹን ጥያቄዎች በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አዘጋጃቸው፤ ካርድ ክፍል የምታነጋግራት ሠራተኛ ሥራዋን በዝርዝር የምትነግርህ በለመደችው ቋንቋ ስትጠይቃት ነው።